የሰው አቋምና አረማመድ እንዴት ይለካል? ለምንስ ይጠቅማል?

በልጅነቱ ፖሊዮ ያጠቃው ሰው ሲራመድ አንድ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ፣ እግሩ መሬት በረገጠ ቁጥር ጉልበቱን ወደ ኋላ ሲገፋ ይታያል። ይህ አረማመድ በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ለሚመላለስ ሰው እንግዳ አይደለም። ለተመልካች ጎንበስ ያለው ወገብና ጭን የያዘው እጅ የጉዳቱ ምልክቶች ይመስላሉ። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ጉልበትን ዘርግቶ የሚይዘው የፊተኛው የጭን ጡንቻ ስለደከመ፣ እጁ የጡንቻውን ሥራ ተክቶ እየሠራ ነው። ሰውየው “ቀና ብለህ ተራመድ” ተብሎ እጁን ቢያነሣ ጉልበቱ ይታጠፍና ይወድቃል።

አረማመድን ማየትና አረማመድን መለካት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ዓይን ከተለመደው የወጣ እንቅስቃሴን ቶሎ ያስተውላል። ከሚታየው ውስጥ የትኛው ጉዳት፣ የትኛው ደግሞ ሰውነት ለጉዳቱ ያበጀው ብልሃት እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይለይም። ይህ ሳይለይ የተሰጠ ሕክምና ጉዳቱን ትቶ ብልሃቱን ሊያጠፋ ይችላል። ከ300 ዓመታት በላይ ታሪክ ያለው የሰውን አቋምና እንቅስቃሴ የመለካት ጥበብ ለሕክምና ከሚሰጣቸው ታላላቅ ጥቅሞች አንዱ ይህንኑ መለየት ነው።

በአንድ እርምጃ ውስጥ ያለው

የአረማመድ አንድ ዙር የሚባለው አንዱ ተረከዝ መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ያው ተረከዝ ዳግመኛ መሬት እስኪነካ ያለው ጊዜ ነው። ጤናማ አዋቂ በሚመቸው ፍጥነት ሲራመድ እግሩ ከዚህ ዙር 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ፣ ቀሪውን 40 በመቶ በአየር ላይ ያሳልፋል። በዙሩ ውስጥ ሁለቱም እግሮች በአንድነት መሬት የሚረግጡባቸው ሁለት አጫጭር ጊዜያት አሉ፤ ሰው ሲሮጥ እነዚህ ይጠፋሉ። የጤናማ አዋቂ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ሲዛቡ የሚናገሩት ነገር አላቸው። እግሩን የሚያመው ሰው በታመመው እግር ላይ የሚቆምበትን ጊዜ ያሳጥራል። መውደቅን የሚፈራ ሰው እርምጃውን ያሳጥርና ሁለቱም እግሮቹ መሬት ላይ የሚሆኑበትን ጊዜ ያስረዝማል። የዳሌው የጎን ጡንቻ የደከመበት ሰው በዚያ እግር ብቻ ሲቆም፣ ዳሌው በሌላው ወገን ዝቅ ይላል። ብዙዎች ይህን ለመከላከል ሲራመዱ ደረታቸውን ወደ ደከመው ወገን ያዘነብላሉ። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፍሪድሪኽ ትሬንደለንቡርግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 የገለጹት የዳሌ መውረድ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

ሰው ቆሞም ይለካል። ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታ በቱንቢ እንደሚያረጋግጥ ሁሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያም ቱንቢ ይጠቀማል። ሰውየው ከጎን ሲታይ ክሩ በጆሮ፣ በትከሻና በዳሌ መገጣጠሚያ አካባቢ አልፎ፣ ከጉልበት መሃልና ከቁርጭምጭሚት አጥንት ጥቂት ወደ ፊት ይወርዳል። አከርካሪ ወደ ጎን መጉበጡ ሲጠረጠር ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኮብ በ1948 ባስተዋወቁት ዘዴ የጉብጠቱ ማዕዘን በራጅ ላይ ይለካል። 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኮሊዮሲስ ይባላል። በማደግ ላይ ላለች ልጅ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ ከወራት በኋላ የሚለካው ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥ ይናገራል፤ ጉብጠቱ ባለበት እንደቆመ ወይም እየጨመረ እንደሆነ የሚታወቀው በንጽጽር ነውና።

ከሚዛን ሰሌዳ እስከ ካሜራ

ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦረሊ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሰውን በሰሌዳ ላይ አስተኝተው፣ ሰሌዳውን በቀጭን ጠርዝ ላይ እንደ ሚዛን በማመጣጠን የሰውነት ክብደት ማዕከል የት እንደሚገኝ መረመሩ። ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው እሳቸው ካረፉ በኋላ ነበር።

የፎቶግራፍ መምጣት ዓይን የማይደርስበትን ቅጽበት አስቀረ። በፈረንሳይ ኤትየን ዡል ማሬ፣ በአሜሪካ ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1880ዎቹ እንቅስቃሴን በተከታታይ ምስሎች ከፋፍለው አሳዩ። ማይብሪጅ በ1887 ባሳተሙት ስብስብ ውስጥ ከጤናማ ሰዎች ሌላ የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሕሙማን አረማመድም ተካቷል። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ዦርዥ ዢል ደ ላ ቱሬት ሕሙማኑ ውስጥ እግራቸውን ቀይ ዱቄት ተቀብተው በረጅም ወረቀት ላይ እንዲራመዱ አድርገው፣ የዱካውን ርቀትና አቅጣጫ ለክተዋል።

አረማመድን በሦስት አቅጣጫ ያሰሉት ግን በላይፕሲሽ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ቪልሄልም ብራውነና ኦቶ ፊሸር ናቸው። በ1891 በተራማጁ አካል ላይ በኤሌክትሪክ የሚበሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አስረው በጨለማ ፎቶ አነሡት። ከጥቂት እርምጃዎች የተገኘውን መረጃ በእጅ ማስላት ዓመታት ፈጀ።

ቀጣዩን ግፊት የሰጠው ጦርነት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እግራቸውን አጥተው የተመለሱ ወታደሮች የተሰጣቸው ሰው ሠራሽ እግር የማይመች ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የአጥንት ሐኪሙ ቨርን ኢንማንና መሐንዲሱ ሃዋርድ ኤበርሃርት፣ ሰው ሠራሽ እግር ከመሥራት በፊት ጤናማው እግር የሚሠራውን ማወቅ ይገባል ብለው ተነሡ። ኤበርሃርት ራሳቸው በሥራ ላይ በደረሰ አደጋ አንድ እግራቸውን ያጡ ነበሩ። የአጥንትን መዞር በትክክል ለመለካት በበጎ ፈቃደኞች አጥንት ላይ ብረት እስከ መትከል ደርሰዋል።

የቤተ ሙከራው ድርሻ

ዛሬ በአረማመድ ቤተ ሙከራ ብረት መትከል አያስፈልግም። በመገጣጠሚያዎች አካባቢ ብርሃን የሚመልሱ ትናንሽ ኳሶች ይለጠፋሉ፤ በዙሪያው ያሉ ካሜራዎችም ቦታቸውን በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ ይመዘግባሉ። ወለሉ ውስጥ የተቀበረ ሰሌዳ እግር መሬትን የሚገፋበትን ኃይል ይለካል። በቆዳ ላይ የሚለጠፉ መቀበያዎች ደግሞ የትኛው ጡንቻ መቼ እንደሚሠራ ያሳያሉ።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ጎልቶ የሚታየው ሴሬብራል ፓልሲ ባለባቸው ሕፃናት ላይ ነው። በእግር ጣቱ የሚራመድ ሕፃን ሲታይ የተረከዙ ጅማት ያጠረ ይመስላል፤ በቀዶ ሕክምና ማስረዘሙም ቀላል መፍትሔ ይሆናል። ነገር ግን ተረከዙ መሬት ያልነካው ጉልበቱና ዳሌው ስለታጠፉ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ሕፃን ላይ ጅማቱ ቢረዝም ባቱ ይደክማል፤ ሕፃኑ ጉልበቱን አጥፎ፣ እንደ ቁጢጥ ባለ አቋም መራመድ ይጀምራል። ይህን ስሕተት ማረም ከመጀመሪያው ችግር ይልቅ ይከብዳል።

ቀደም ሲል አንዱ ቀዶ ሕክምና ሌላውን እየጠራ ሕፃናቱ በየዓመቱ ሆስፒታል ይተኙ ነበር። የካናዳው የአጥንት ሐኪም መርሰር ራንግ “የልደት ቀን ሕመም” ብለው የሰየሙት ይህንን ነው፤ ሕፃኑ ልደቱን በየዓመቱ በሆስፒታል አልጋ ላይ ያሳልፋልና። መለኪያው ከተስፋፋ ወዲህ የዳሌ፣ የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ችግር በአንድነት ተጠንቶ በአንድ ጊዜ ወደ ማረም ተሂዷል።

ሰዓትና ሜትር በቂ ሲሆኑ

እንዲህ ያለው ቤተ ሙከራ ውድ ነው፤ ለአብዛኛው የአካባቢያችን ሕዝብም ሩቅ ነው። ሆኖም ጠቃሚ ከሆኑት መለኪያዎች ብዙዎቹ ወንበር፣ ሰዓትና የሜትር ገመድ ብቻ ይፈልጋሉ።

አንዱ በ1991 በካናዳ የተዋወቀው የ“ተነሥተህ ሂድ” ፈተና ነው። አረጋዊው ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር ይራመዳሉ፤ ዞረው ይመለሱና ይቀመጣሉ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው የመውደቅ ስጋት አለባቸው ተብሎ ተጨማሪ ምርመራ ይደረጋል። ዳሌን የሚሰብር አንድ ውድቀት ራሱን ችሎ በመኖርና በሌላ ሰው በመረዳት መካከል ያለ ድንበር ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ ማወቁ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው የአረማመድ ፍጥነት ነው። በ2011 የታተመ፣ ከ34,000 በላይ አረጋውያንን ያካተተ ጥናት ፍጥነት ከቀሪ ዕድሜ ጋር በቅርብ እንደሚዛመድ አሳይቷል። ለመራመድ ልብ፣ ሳንባ፣ ነርቭ፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ሁሉም መተባበር አለባቸው፤ የአንዱ መድከም በፍጥነቱ ላይ ይታያል። 4 ሜትርን በ5 ሰከንድ የሚራመድ ሰው ፍጥነቱ በሰከንድ 0.8 ሜትር ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ሐኪም ሞሪትስ ሮምበርግ የገለጹት ፈተና ደግሞ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ሰውየው እግሮቹን ገጥሞ ይቆማል፤ ከዚያም ዓይኑን ይጨፍናል። ሰውነት ሚዛኑን የሚጠብቀው በዓይን፣ በውስጠኛው ጆሮና ከእግር በሚመጣ ስሜት ነው። ዓይኑ ተገልጦ ቆሞ ሲጨፍን የሚንገዳገድ ከሆነ፣ ከእግሩ ወደ አንጎል የሚሄደው ስሜት መጓደሉ ይጠረጠራል። መርማሪው ለመደገፍ አጠገቡ መቆም አለበት።

በእጅ የሚለካ፣ በጊዜ የሚደርስ

በአካባቢያችን የመለካትን ዋጋ ከሚያሳዩት ሕመሞች አንዱ የሥጋ ደዌ ነው። ሕመሙ ከጉልበት በታች ያለውን ነርቭ ሲጎዳ የእግር ፊት ይወድቃል፤ ሰውየውም ጣቶቹ መሬት እንዳይጎትቱ ጉልበቱን ከፍ አድርጎ ይራመዳል። በ1965 በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት ከመነሻው ለዚህ ሕመም ሕክምና፣ ማገገሚያና ሥልጠና የቆመ ተቋም ነው። ባለሙያው የጡንቻውን ብርታት ከ0 እስከ 5 በሆነ ደረጃ ይመዝናል፤ የውስጥ እግርን ስሜት ደግሞ 10 ግራም በሚጫን የናይለን ክር ይፈትሻል። ያለፈው ወር ውጤት 4፣ የዛሬው 3 ከሆነ ነርቩ አሁን እየተጎዳ ነው ማለት ነው። ከ6 ወር ያልበለጠ ጉዳት በመድኃኒት የመመለስ ተስፋ አለው፤ ሳይለካ ጊዜው ካለፈ ግን ጉዳቱ ቋሚ ይሆናል።

ከ1,000 ሕፃናት አንዱን ወይም ሁለቱን የሚያጋጥመው ቆልማማ እግርም በእጅ ይለካል። በኡጋንዳ የተወለዱት የካናዳ የአጥንት ሐኪም ሻፊቅ ፒራኒ ስድስት ምልክቶችን መረጡ። እያንዳንዱ 0፣ ግማሽ ወይም 1 ነጥብ ያገኛል፤ ድምሩ ከ6 አይበልጥም። የስፔን ተወላጁ ኢግናሲዮ ፖንሴቲ ባበጁት ሕክምና እግሩ በየሳምንቱ በእጅ እየተቃና በጀሶ ይታሰራል፤ ነጥቡም እየቀነሰ ይሄዳል። ካልቀነሰ የጀሶው አያያዝ ይፈተሻል። መለኪያው ቀላል በመሆኑ በኡጋንዳና በማላዊ ሐኪም ያልሆኑ የአጥንት ሕክምና ባለሙያዎች ሥራውን ተምረው መስጠት ችለዋል። ወላጆች ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለባቸውም፤ እግሩ ከተቃና በኋላ ለእንቅልፍ የሚደረገው ልዩ ጫማ እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ዕድሜ ካልቀጠለ ችግሩ ይመለሳል።

“ትክክለኛ” አረማመድ የቱ ነው?

መለኪያ ወሰን አለው። በ1986 በኬንያ የተካሄደ ጥናት የሉኦና የኪኩዩ ሴቶች ከሰውነታቸው ክብደት 20 በመቶ የሚሆን ሸክም ተሸክመው ሲራመዱ፣ የሚያወጡት ጉልበት ባዶ እጃቸውን ከሚራመዱበት እንደማይበልጥ አሳየ። ኋላ በሌሎች ሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ተመሳሳይ ውጤት ሁልጊዜ ባያገኙም፣ ግኝቱ አንድ ነገር አስተማረ፤ ሰውነት በልምድ የሚያገኘውን ብልሃት ከሌላ አገር ሰዎች በተወሰደ አማካይ ብቻ መዳኘት አይቻልም።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2001 ባወጣው የአካል ጉዳት ምደባ ሰው በተመቻቸ ስፍራ ማድረግ የሚችለውንና በሚኖርበት ስፍራ በእርግጥ የሚያደርገውን ለይቶ አስቀምጧል። በልሙጥ ወለል 10 ሜትር በደንብ የተራመደች እናት ወደ ምንጭ የሚወስደውን ዳገት ላትወጣው ትችላለች።

ስለዚህ ለምርመራ የሚሄድ ሰው ዘወትር የሚያደርገውን ጫማና የሚይዘውን ከዘራ ይዞ ቢሄድ፣ ከፊትና ከጎን ሲራመድ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ቢያሳይ፣ ችግሩ መቼ እንደጀመረና የትኛውን ሥራ እንዳስተወው ቢናገር ለባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው። በድንገት የመጣ የአንድ ወገን መድከም ወይም ሚዛን ማጣት ግን ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ጭኑን በእጁ እየገፋ ወደሚራመደው ሰው ስንመለስ፣ የጡንቻው ብርታትና የጉልበቱ ማዕዘን ሲለካ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን ጉልበቱን ዘርግቶ የሚይዝ ድጋፍ መሆኑ ሊታወቅ ይችላል። ድጋፉ ከተመቸው እጁ ነጻ ይወጣል፤ የልጁን እጅ ሊይዝበት ወይም ዕቃ ሊያነሣበት ይችላል።