ኮንቴይነሩ አንድ፣ መጫኛው ብዙ፦ ከምድር ባቡር እስከ ኢንተርኔት ፕሮቶኮል



በኔትወርክ ትምህርት ፈተና ላይ አንድ ስሕተት ተደጋግሞ ይገጥመኛል። ተማሪው ከላኪው ኮምፒውተር የወጣው ፍሬም ሳይለወጥ ከተቀባዩ ዘንድ እንደሚደርስ ይጽፋል። ፍሬም ግን የአንድ መስመር መጫኛ ነው፤ መስመሩ ሲያበቃ እርሱም ያበቃል። ቀጣዩ ፍሬም ምን እንደሚመስል የሚወስነው የተመረጠው መንገድ ነው። ይህን ለማስረዳት ከምንኖርበት ስምጥ ሸለቆ የትራንስፖርት ታሪክ የቀረበ ምሳሌ የለም።

ዐፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 እ.ኤ.አ. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። በእነዚያ ዓመታት ወደ መሐል አገር የሚጓዝ ሸቀጥ ሐዲዱ ካበቃበት ስፍራ ከፉርጎ እየወረደ በእንስሳት ይጫን ነበር። ፉርጎ የያዘውን አንዲት በቅሎ አትሸከመውምና ጭነቱ ይከፋፈላል። ባለቤቱና መድረሻው አልተለወጡም፤ የተለወጠው አጫጫኑ ነው። አጫጫኑን የወሰነውም ከፊት ያለው የመንገድ ክፍል ነው።

ዛሬም በቅርባችን በሞጆ ደረቅ ወደብ ይኸው ሥርዓት ይታያል። ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ኮንቴይነር መድረሻው ሻሸመኔ ከሆነ፣ ወደዚያ የሚወስድ ሐዲድ ስለሌለ በከባድ መኪና ይጫናል። ኮንቴይነሩና ቁጥሩ ያው ናቸው፤ ፉርጎው ግን እዚያው ይቀራል። መጀመሪያ አቅጣጫው ይታወቃል፤ መጫኛው ከዚያ በኋላ ይመረጣል።

የኢንተርኔት መሥራቾች የገጠማቸው ጥያቄም ይህንኑ ይመስላል። ቪንት ሰርፍና ሮበርት ካን በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የፓኬት መጠናቸውና አሠራራቸው የተለያየ ኔትወርኮችን እንዴት ማገናኘት እንደሚቻል መረመሩ። ኔትወርኮቹን አንድ ዓይነት ለማድረግ አልሞከሩም፤ በድንበራቸው ላይ ፓኬቱን ተቀብሎ ለቀጣዩ ኔትወርክ በሚስማማ መጠቅለያ የሚያሳልፍ መተላለፊያ አቆሙ። ሐሳቡ በ1981 በወጣው የኢንተርኔት ፕሮቶኮል ሰነድ ጸና።

ይህን መተላለፊያ ዛሬ ራውተር እንለዋለን። ራውተር የደረሰውን ፍሬም ስሕተት እንደሌለበት አረጋግጦ መጠቅለያውን ይጥላል፤ የፓኬቱን መድረሻ አድራሻ ያነብባል፤ ከመንገድ ሠንጠረዡ ይበልጥ የሚስማማውን መስመር ይመርጣል። በዚህም ቀጣዩ ጣቢያና መውጫው በር ይታወቃሉ። በሩ የኢተርኔት ከሆነ የቀጣዩን ጣቢያ አካላዊ አድራሻ ፈልጎ በአዲስ ፍሬም ላይ ይጽፋል፤ ሌላ ዓይነት መስመር ከሆነ ፍሬሙም ሌላ ይሆናል። የተለመደው የኢተርኔት ፍሬም የሚሸከመው እስከ 1500 ባይት ነው። ቀጣዩ መስመር ከዚህ ያነሰ ከሆነ፣ በአራተኛው የፕሮቶኮል ስሪት ራውተሩ ላኪው ካልከለከለ በቀር ፓኬቱን ይከፋፍለዋል፤ በስድስተኛው ግን ፓኬቱን ጥሎ ለላኪው ያሳውቃል።

ምሳሌው ወሰን አለው። ኮንቴይነሩ ታሽጎ ሲጓዝ፣ በፓኬቱ ላይ ያለው የዕድሜ ቁጥር በየራውተሩ በአንድ ይቀነሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ፓኬቱ ይጣላል። መንገድ የጠፋው ፓኬት ለዘላለም እንዳይዞር የሚያደርገው ይህ ነው።

ጉዳዩ ከፈተና ነጥብ ያልፋል። አገራችን ወደብ አልባ ናት፤ ከ1997 ወዲህ የምንጠቀምበት ኢንተርኔትም ከዓለም ጋር የሚገናኘው እንደ ሸቀጣችን ሁሉ በጎረቤት አገሮች በኩል ነው። የአዳማ ተማሪ ሐዋሳ ላለ ጓደኛው የሚልከው መልእክት፣ አገልግሎቱ የሚሰጠው በውጭ አገር ባሉ ሰርቨሮች ከሆነ፣ ድንበር ተሻግሮ ይመለሳል። በዚያ ጉዞ ላይ መንገዱንም መጫኛውንም የሚመርጡት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ አገልግሎትን በአገር ውስጥ ማኖር የመሐንዲስ ሥራ ብቻ አይደለም፤ በራስ መንገድ ላይ የመወሰን ጉዳይ ነው።

ከበቅሎው ዘመን እስከ ዛሬ ጸንቶ የቆየው ትምህርት አንድ ነው፤ አድራሻውን ከመጫኛው ለይቶ የያዘ ሥርዓት መንገድ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ መጀመር የለበትም።