ሠዓሊውን ያስደሰተ፣ ትንኙን የፈጀ አረንጓዴ

የጋሞ ዱንጉዛ ቀይ፣ ብጫና ጥቁር ነው። ደጁን እንሰት የሞላው ሰው አረንጓዴን ከጌጡ መተዉ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። እርግጥ ቀለሙ ለሠዓሊም ቢሆን በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። ከጥንት ሠዓልያኖቻችን አንዳንዶቹ ሰማያዊና ብጫ ቀላቅለው ያወጡት ነበር፤ ብጫውም አርሴኒክ ያለበት ማዕድን ሊሆን ይችል ነበር።

አውሮፓውያንም ችግሩን የፈቱት በዚሁ መርዝ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሼሌ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1775 መዳብንና አርሴኒክን አዋህዶ አረንጓዴ ቀለም ሠራ። በ1814 ደግሞ በጀርመን ሽቫይንፉርት ከተማ ከዚያ የላቀ፣ እንደ መረግድ የሚያበራ ቀለም ወጣ፤ ኤመራልድ ግሪን ተባለ። ሴዛንና ቫን ጎግ ቀቡበት። የግድግዳ ወረቀቱ፣ ቀሚሱ፣ ሰው ሠራሹ አበባ ሁሉ በእሱ አጌጠ። በ1861 ለንደን ውስጥ ማቲልዳ ሹረር የተባለች የ19 ዓመት አበባ ሠሪ፣ ቅጠሎቹን በዱቄቱ ስትነሰንስ ኖራ ተመርዛ ሞተች።

ነገሩ ወደ አርባ ምንጭ የሚጠጋው እዚህ ላይ ነው። ዱቄቱ ፓሪስ ግሪን በሚል ስም የተባይ ማጥፊያ ሆነ፤ ከ1921 ወዲህም በወባ ትንኝ ላይ ዘመተ። የትንኙ እጭ የሚመገበው ከውሃው ገጽ ስለሆነ፣ ከአቧራ ጋር ተደባልቆ ሲበተን የሚንሳፈፈውን መርዝ ይውጠዋል። ከአፍሪካ ተሻግሮ ብራዚልን ያስጨነቀውን ትንኝ በ1940 ከዚያ አገር ያጠፋው ዘመቻ ዋና መሣሪያው ይኸው ቀለም ነበር። በሙዚየም የቆዩት ትንኞች በኋላ ሲመረመሩ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ሆነው ተገኙ። ይህ የኢትዮጵያም ዋነኛ የወባ አስተላላፊ፣ የዓባያና የጫሞ ዳርቻ ነዋሪ የሚያውቀው ጠላት ነው! የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ከደጋዋ ጨንቻ ወደ ቆላዋ አርባ ምንጭ ሲወርድ፣ ዓለም ፊቱን ወደ ዲዲቲ አዙሮ ነበር።

ዛሬ ቱቦው ላይ ኤመራልድ የሚል ቢጻፍም ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ስሙን ትቶ መለያ ቁጥሩን ማየት ይሻላል፦ ፒጂ 21 አርሴኒካሙ ነው፤ ፒጂ 18 ከክሮሚየም የሚሠራው ቪሪድያን፣ ፒጂ 7 ደግሞ ታሎ ግሪን ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ እጅግ የዋሃን ናቸው፤ ቢሆንም የማንኛውም ቀለም ዱቄት አፍና አፍንጫ ሳይሸፈን አይበጠበጥም። የብሩሽን ጫፍ በከንፈር ማሾል ግን ብዙ ሠዓሊ ዛሬም ያልተወው ልማድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የተሣለ፣ አረንጓዴው የሚፈረፈር ሥዕል ያለው ሰውም በደረቅ ጨርቅ እንዳይወለውለው፤ የሚነሣው አቧራ የማቲልዳ አቧራ ሊሆን ይችላል።