የመኪናችንን ሆድ የበላው ጨው

እስኪ አዲስ አበባ መንገድ ዳር ቆም ብላችሁ የሚያልፈውን መኪና ተመልከቱ። 35 እና 40 ዓመት የሞላቸው ኮሮላዎች ዛሬም ሰው ጭነው ይሮጣሉ። እነዚሁ መኪኖች ሚኒሶታ ቢሆኑ ኖሮ ሞተራቸው ሳይደክም ከስራቸው ተበልተው ባለቁ ነበር። ልዩነቱ ጨው ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአሜሪካዋ ኒው ሃምፕሸር ግዛት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው መበተን የጀመረችው በ1938 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌሎቹም ተከተሏት። መንገዱ ለአሽከርካሪ ደህና ሆነ፤ ይህን አልክድም። ጨዋማው ውሃ ግን በጎማ እየተረጨ መኪናው ስር ይገባል፣ በብየዳው መጋጠሚያና በሻንሲው ክፍተት ውስጥ ይተኛል። ብረት እንዲዝግ ውሃና ኦክስጅን ይበቁታል፤ ጨው ሲጨመርበት ሥራው ይፈጥናል።

ጨዉን የበተነው መንግሥት፣ ላሜራውን የሠራው ፋብሪካ፣ ሂሳቡ የተላከው ግን ለባለ መኪናው ነው። በ1959 ከርት ዚባርት የተባለ ጀርመን ተወላጅ መካኒክ ዲትሮይት ውስጥ ጸረ ዝገት የሚረጭበት ቤት ከፈተ። ቦዲውን እየበሳ ማንም የማያየውን የውስጥ ክፍል ይረጭ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ዝገት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ ነውና። ሌሎች ሻጮች ግን አዲሱን መኪና ከስር ሬንጅ መሳይ ነገር ቀብተው ተጨማሪ ገንዘብ መቀበልን ለመዱ። ያ ሬንጅ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ጨዋማ ውሃ መውጫ ያጣል። ከላይ ሲያዩት ጥቁርና ያማረ፣ በመዶሻ ጫፍ ሲነኩት እየረገፈ የሚወርድ! ከፍሎ ዝገቱን ያስሸፈነው ስንቱ ነው።

ፋብሪካዎቹ መድኃኒቱን አያውቁም ነበር እንዳይባል፣ ፎርድ በ1960ዎቹ ቦዲውን ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት የቀለም ገንዳ መንከር ጀምሯል። ፖርሽ ደግሞ በ1970ዎቹ አጋማሽ ዚንክ የተለበጠ ላሜራ ይጠቀም ነበር።

ቶዮታ የተያዘው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከ1995 እስከ 2000 የተመረቱ የታኮማ ፒክአፖች ሻንሲ እየተቦረቦረ ስላስቸገረ፣ ኩባንያው በ2008 የዝገት ዋስትናውን ወደ 15 ዓመት አራዘመ። የባሰባቸውን ከገበያ ዋጋቸው አንድ ተኩል እጥፍ ከፍሎ መልሶ ገዛ። በ2009 ተራው የቱንድራ ሆነ። ስኮርታ ጎማውን የያዘው ብረት በዝገት ተበልቶ ጎማው መንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል ተብሎ 110,000 ያህል መኪኖች ተጠሩ። ጥሪው በረዶ የሚበዛባቸውን 20 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲን የሚመለከት ነበር። ሚኒሶታ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አሉበት፤ የወገኖቻችን መንደሮች ማለት ነው። ብረቱ ገና ያልተበላ ከሆነ ጸረ ዝገት ይቀባል፣ ያውም በነጻ። ለዓመታት ደንበኛ ከኪሱ እየከፈለ ሲያስቀባው የኖረውን ነገር!

በፍርድ ቤት የተከሰሰው ቶዮታ በ2016 ጥፋቱን ሳያምን ለስምምነት ተስማማ። ወደ 1.5 ሚሊዮን ለሚጠጉ ታኮማ፣ ቱንድራና ሴኮያ መኪኖች ምርመራና የሻንሲ ቅያሪ፣ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ እንደሚችል ተገመተ። ሽፋኑ መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠ ወይም ከተከራየ 12 ዓመት ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻንሲው የተበላበት ሰው፣ በከሳሾቹ ስሌት 15,000 ዶላር ያህል የሚያወጣውን ቅያሪ ከራሱ ኪስ ይከፍላል።