የቁርኣን የቀን ድርሻ በመካ

ቁርኣንን በቀን ምን ያህል ማንበብ ይገባል የሚለው ጥያቄ የነቢዩ ሙሐመድ ዘመን ጥያቄ ነው። የመካው ተወላጅ ዐብደላህ ኢብን ዐምር በየሌሊቱ ሊጨርሰው ሲነሣ፣ ነቢዩ በወር አንድ ጊዜ እንዲያነብ መከሩት። ከዚህ በላይ እችላለሁ ብሎ ቢለምን እስከ ሰባት ቀን ፈቀዱለት። ከሦስት ቀን ባነሰ የጨረሰ ሰው ትርጉሙን አይረዳም የሚልም ዘገባ አለ። ዋናው ጉዳይ ፍጥነቱ ሳይሆን ማስተዋሉ ነበር ማለት ነው።

ቁርኣኑ ለሰባት ቀን ንባብ መንዚል በሚባሉ ሰባት ክፍሎች፣ ለወር ደግሞ ጁዝእ በሚባሉ 30 ክፍሎች ተከፈለ። ዛሬ በሰፊው የሚነበበው የመዲና እትም 604 ገጽ፣ አብዛኛውም ገጽ 15 መስመር አለው። አንድ ጁዝእ 20 ገጽ ያህል ስለሚሆን፣ ከአምስቱ ሶላት በኋላ አራት አራት ገጽ የሚያነብ ሰው በወር ይጨርሳል። ለሥራ ሰው ከዚህ የተሻለ ስሌት ማግኘት ይከብዳል።

አቀራሩም ደረጃ አለው፤ ሐድር የፈጠነው፣ ተድዊር መካከለኛው፣ ተሕቂቅ የዘገየው ነው። ፈጥኖ የሚቀራም ቢሆን ፊደል መዋጥ አይፈቀድለትም።

በመካው ታላቅ መስጊድ፣ በሐረም፣ በረመዷን የሌሊት ሶላት በተራዊሕ ቁርኣኑ በሙሉ ይቀራል። የተራዊሑ ረከዓ (የሶላት ዙር) በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት ከ20 ወደ 10 ወርዷል።