ሥራን ለተተኪ ማውረስ

ካምፓችን ውስጥ ሻይ ቤት ወይም ልብስ ስፌት የከፈተ ሰው ሪሴትልመንት ወጥቶለት ሲሄድ፣ ብዙ ጊዜ ሥራውም አብሮ ይዘጋል። ለምን ቢባል፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ያሳየናል።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበር፤ ሥራውን እንዲመራለት ግን ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር ተዋዋለ። በ1946 የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ሲደረግ አብራሪዎቹም ኃላፊዎቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ከእነሱ ጎን እየሠሩ ሠለጠኑ። በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኀኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ይህ ሁሉ 26 ዓመት ፈጅቷል።

እንግዲህ ኃላፊነት በአንድ ቀን አይተላለፍም፤ መጀመሪያ ሙያው፣ ቀጥሎ አመራሩ ነው። እኛ በካምፕ ያን ያህል ጊዜ የለንም፤ ማን መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ስለዚህ ባለሱቁ የሒሳብ ደብተሩን ለረዳቱ ዛሬውኑ ያሳየው። እኛ መምህራንም የትምህርት ዕቅዳችንን ለረዳት መምህራን እናካፍል። ሄደን እንኳ ሥራው ይቀጥል።