ስለ ትምባኾ አመጣጥና ስለ መንዝ ደገኞች ልማድ

ዕፅዋት ሁሉ እንደ ሰው የትውልድ አገርና የስደት ታሪክ አላቸው። ጤፍና እንሰት የኢትዮጵያ ተወላጆች ሲሆኑ፥ በርበሬና በቆሎ ግን ከአሜሪካ ተሰድደው የመጡ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ዛሬ በርበሬን እንግዳ ነው ብሎ የሚጠራጠር ባለ ጓዳ አይገኝም። ትምባኾም ከነዚሁ ከአሜሪካ ስደተኞች አንዱ ነው። ነገር ግን በርበሬ እስከ ጓዳ ገብቶ ባለቤት ሲሆን፥ ትምባኾ በብዙው የደጋ አገር ከደጅ እንደ ቆመ ቀረ። ይህ ስለ ምን ሆነ ብሎ መመርመር የአንድ ቅጠል ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሕዝብን ጠባይ ማወቅ ነውና፥ ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይገባል።

ኮሎምቦስ በ1492 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ወደ አሜሪካ ደሴቶች በደረሰ ጊዜ፥ ባልንጀሮቹ የአገሩ ሰዎች ቅጠል ጠቅልለው፥ በእሳት ለኵሰው ጢሱን ሲስቡ አይተው ተደነቁ። በ1560 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ደግሞ ዣን ኒኮ የሚባል በፖርቱጋል የነበረ የፈረንሳይ መልእክተኛ ቅጠሉን መድኃኒት ነው ብሎ ወደ ንጉሡ ቤት ሰደደው፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው መርዝ ኒኮቲን መባሉ ከዚህ ሰው ስም የተነሣ ነው። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ሳይሞላ ቱርክም፥ ፋርስም፥ ህንድም፥ ዐረብም ተቀበለው፤ በቀይ ባሕር በኩልም ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ስሙ ራሱ ምስክር ነው፤ የዐረቡ «ቱምባክ»፥ የፖርቱጋሉ «ታባኮ»፥ የአማርኛውም «ትምባኾ» ዘመዳሞች ናቸውና፥ ነገሩ ስሙን ይዞ እንደ መጣ ያስረዳሉ።

በኤውሮፓና በአሜሪካ የፒፓ ትምባኾ እንደ ወይን ጠጅ የሚመረጥ፥ የሚነጻጸርና የሚመሰገን ነገር ሆነ። የቨርጂኒያው ቅጠል ስኳር ስለሚበዛበት ጣፋጭነት አለው ይሉታል፤ በርሊ የሚባለው ስኳሩ ጥቂት ስለ ሆነ የጨመሩበትን ሽቶ ሁሉ ይቀበላል፤ ላታኪያ ስሙን ከሶርያ ወደብ ያገኘ ሲሆን በእንጨት ጢስ ታጥኖ የጠቈረ ነው፤ ፔሪክ ደግሞ በሉዊዚያና አገር በበርሜል ውስጥ በብርቱ ጫና ታፍኖ የሚብላላ ነው። ላታኪያ የገባበት ቅይጥ የእንግሊዝ ዓይነት ሲባል፥ ሌላው ደግሞ ቫኒላና ቼሪ የሚሸትተውን ይመርጣል። ይህን ሁሉ እያፈራረቁ መሞከርና መለየት ለብዙ ሰው የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ሆኖለታል።

በኢትዮጵያም ትምባኾን የተቀበሉ ሰዎች የየራሳቸውን ብልሃት አበጅተውለታል። ከሁሉ የታወቀው ጋያ ነው። ጋያ ማለት ውሃ የተሞላ ቅል፥ ከላዩ ትምባኾና ፍሕም የሚቀመጥበት የሸክላ ራስ፥ ከጎኑም ጢሱ የሚሳብበት ሸንበቆ ያለው ዕቃ ነው። ጢሱ በውሃ ውስጥ አልፎ ወደ አፍ ስለሚደርስ፥ የቀድሞ ሰዎች «ጋያ ጠጣ» ይሉ ነበር። ቅጠሉም ተወቅጦ፥ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎና ደርቆ ለገበያ ይወጣል፤ በብዙ የደቡብና የምዕራብ አገር ሽማግሎችና ባልቴቶች ጋያውን እየተቀባበሉ ይጨዋወቱበታል። ሁለተኛው ሱረት ነው፤ ይኸውም ቅጠሉ ደቅቆ በአፍንጫ የሚሳብ ወይም በከንፈርና በድድ መካከል የሚያዝ ነው። ሦስተኛው ሲጋራ ነው፤ ይህ ግን ዘግይቶ ከፋብሪካ ጋራ የመጣ ነው።

እንግዲህ ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ እንመለስ። መንዝ ማማ ምድር፥ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለ፥ ከፍታው በብዙው ስፍራ 3000 ሜትር ግድም የሆነ፥ በሰሜንም ከግሼ ጋራ የሚዋሰን ብርዳም አገር ነው። ውርጩ ገብሱን ያቃጥላል፤ እንጨት ስለሚጠፋ ኩበት ይነድዳል፤ ሰዉም የበጉን ጠጕር ፈትሎ ባናና በርኖስ እያሠራ ይለብሳል። መርሐ ቤቴም በጀማና በወንጪት ወንዞች ጥልቅ ሸለቆ የተከበበ አምባ ነው። እንዲህ ባለ አገር ማታ በምድጃ ዙሪያ የሚቀመጥ ሰው፥ ሌላው ዓለም በፒፓ ሲሞቅ እርሱም ፒፓ ቢያነሣ ባላስደነቀም ነበር። ቅጠሉም ሩቅ አልነበረም። በምሥራቅ በኩል ገደሉን ሲወርዱ የይፋት ቆላ ይገኛል፤ ደገኛው በጉን፥ ገብሱንና ባናውን ይዞ ወደ ቆላ ገበያ ሲወርድ ከነጋዴው ሁሉ ጋራ ይገናኝ ነበርና።

ይህም ሁሉ ሆኖ ደገኛው ትምባኾን ለአፉ አላለውም። በአገራችን በብዙ ስፍራ አልቅት በከብት አፍንጫ በገባ ጊዜ የትምባኾ ቅጠል በውሃ ተነክሮ ጭማቂው ይጨመርበታል፤ አልቅቱም ለቅቆ ይወድቃል። እንግዲህ ሰዉ የቅጠሉን ኃይል ሳያውቅ የናቀው አይደለም። ለከብቱ አፍንጫ መድኃኒት ያደረገውን ለራሱ አፍ ነውር አደረገው እንጂ።

ስለ ምን ነውር ሆነ ቢሉ፥ ባላገሩ የሚመልሰው አንድ ተረት አለ። ትምባኾ የበቀለው ከአርዮስ መቃብር ላይ ነው ይላል። ተረቱ በብዙ አገር የተሰማ ነው፤ ነገር ግን በዘመን ቈጠራ ሲመረመር አይቆምም። አርዮስ በቍስጥንጥንያ የሞተው በ336 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ትምባኾ ግን ከአሜሪካ የወጣው ከ1492 በኋላ ነው። በመካከሉ ከአንድ ሺሕ አንድ መቶ ዓመት የሚበልጥ ዘመን አለ። ወደ መጽሐፍ ቢመለሱም ፍትሐ ነገሥት ስለ ትምባኾ የተናገረው የለም፤ ሊናገርም አይችልም፤ መጽሐፉን በግብጽ ያዘጋጀው ኢብን አል ዐሳል የነበረው በ13ኛው መቶ ዓመት ነውና፥ ቅጠሉ ገና ከባሕር ማዶ ሳለ ነው። ስለዚህ የደገኛው እምቢታ ከቀኖና መጽሐፍ የተቀዳ ሳይሆን በንስሐ አባትና በቤተ ሰብ ምክር የቆመ ልማድ ነው ማለት ይገባል።

የልማዱም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የሃይማኖት መለያ መሆኑ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ ይኸውም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በሸዋ ክርስቲያኖች ዘንድ ቡናም ትምባኾም የሙስሊሞች ነገር ተብለው የተነወሩ ነበሩ። ሁለተኛው ግን ጥልቅ ነው። በደጋው ቤት ጢስ ሥርዓት አለው። ዕጣን በቤተ መቅደስ ይታጠናል፤ ወይራ ለጋንና ለወተት ዕቃ ይታጠናል፤ የኩበትም ጢስ ለእንጀራ ነው። ጢስ ሁሉ ለአምልኮ ወይም ለማዕድ ሲያገለግል፥ የትምባኾ ጢስ ግን ለማንም አያገለግልም፤ ይልቁንም የሚጾመውን አፍ፥ ቍርባን የሚቀበለውን አፍ ያገለግለው ዘንድ ይጠይቃል። ካህን ማለዳ ጸናጽል ይዞ ሲቆም ከአፉ የጋያ ሽታ ቢወጣ ሕዝቡ እንዴት ይታገሠዋል?

ይህ ሁለተኛው ምክንያት ከፊተኛው የበረታ መሆኑ በቡና ይታወቃል። ቡና እንደ ትምባኾ የተነወረ ነበር፤ ነገር ግን ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ይጠጡት ስለ ነበር፥ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጥር ስላራቁ፥ ነውሩ ቀስ በቀስ ተነሣለት። ዛሬ በመንዝ ቡና የማይፈላበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። ልማዱ የሌላውን ሃይማኖት ሰው ከመራቅ ብቻ የተነሣ ቢሆን ኖሮ፥ ቡና ሲገባ ትምባኾም ተከትሎት በገባ ነበር። ቡና ጎረቤት ጠርቶ በማስታረቁ ምሕረት አገኘ፤ ትምባኾ ግን የሚማልድለት አላገኘም።

የዓለም ነገሥታት ይህን ቅጠል በሰይፍ ሊያስቀሩት ሞክረዋል። የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ያዕቆብ በ1604 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ትምባኾን የሚነቅፍ መጽሐፍ ጻፈ፤ የቱርኩ ሱልጣን አራተኛ ሙራድ በ1633 የሚያጨሰውን በሞት ቀጣ፤ በመስኮብም በ1634 የሚያጨስ ሰው አፍንጫው እንዲሰነጠቅ ታዘዘ፤ የሮማው ፓፓ ስምንተኛ ኡርባኖስ በ1642 በሴቪሊያ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ትምባኾ የሚወስደውን አወገዘ። ፍጻሜው ግን አንድ ዓይነት ሆነ። ያዕቆብ በዚያው በ1604 በአንዱ ፓውንድ ትምባኾ ላይ የነበረውን የ2 ፔንስ ቀረጥ ወደ 6 ሺሊንግ ከ10 ፔንስ አወጣው፤ በመስኮብም ታላቁ ጴጥሮስ በ1698 የትምባኾውን ንግድ ለእንግሊዞች በገንዘብ ሸጠ። ትናንት አፍንጫ ያሰነጠቀው መንግሥት ዛሬ ባለ ሱቅ ሆነ።

በኢትዮጵያም እንዲሁ ሆነ። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትምባኾን በብርቱ ጠሉ፤ የሚያጨሰው ከንፈሩ፥ ሱረት የሚስበውም አፍንጫው እንዲቈረጥ አዘዙ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አጠገብ በልቼ ለአፄ ዮሐንስ ገቡ፤ ሸዋም ከዚያ ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ሥር ሆነ። ነገር ግን በመንዝ አምባዎች ምላጩ የሚቈርጠው ከንፈር ብዙ አልነበረም፤ ልማዱ ከዐዋጁ ቀድሞ ነበረና። ጋያ በተለመደበት አገር ደግሞ ዐዋጁ ጋያን አላጠፋም። ንጉሠ ነገሥቱ በመተማ ከወደቁ በኋላ ምላጩ ተረሳ፤ ጋያው ግን ቀረ። ከዚህ የሚታየው፥ የምላጭ ሕግ ልማድ ባለበት ትርፍ፥ ልማድ በሌለበትም ከንቱ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ የግምጃ ቤቱ ተራ መጣ። ከጣሊያን ወረራ በፊት «ሬዢ» የሚባል የትምባኾ ሞኖፖል ነበረ፤ አገር ነፃ ከወጣች በኋላም በ1942 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የትምባኾ ሞኖፖል ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ስሙ እየተለወጠ ብዙ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆየ፤ ከሲጋራዎቹም ኒያላ የተባለው በየሱቁ ታወቀ። የትምባኾ እርሻዎቹም በልዩ ልዩ ስፍራ ሲሆኑ አንደኛው በሸዋ ሮቢት ነበር። ሸዋ ሮቢት ማለት ከመንዝ ገደል በታች ያለው የቀወት ቆላ ነው። ስለዚህ አያቶቹ እምቢ ያሉት ቅጠል ለልጅ ልጆች በራሱ በመንግሥት እጅ ከአፋፉ በታች ተተከለላቸው።

በ2016 እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር የጃፓን ትምባኾ ኩባንያ የድርጅቱን አርባ እጅ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2017 ደግሞ ድርሻውን ከሰባ እጅ በላይ አደረሰ። በዚያው በ2016 የተደረገ የአገር ጥናት ከኢትዮጵያ ጎልማሶች መቶ እጅ አምስቱ ብቻ፥ ከወንዶች 8.1፥ ከሴቶች 1.8 እጅ ትምባኾን እንደሚጠቀሙ አስረዳ። ይህ ቍጥር ከብዙ አገሮች ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። ጥቂቶች የሚያጨሱበት አገር በዚያ ሁሉ ገንዘብ ስለ ምን ተገዛ ቢባል፥ ነጋዴ የሚያየው የሚያጨሱትን ብቻ ሳይሆን ገና ያልጀመሩትን ጭምር እንደ ሆነ ማስተዋል አያዳግትም። መንግሥትም ነገሩን ተመልክቶ በ2006 ዓ.ም. የዓለምን የትምባኾ መቈጣጠሪያ ስምምነት አጸደቀ፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ማጨስንና ትምባኾን ማስተዋወቅን ከለከለ። ይህ ሕግ ከንፈር አይቈርጥም፤ ግን ሕግ ሁሉ ብቻውን እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ ያለፈው ታሪክ ይናገራል።

የመንዝ ሰው ያልተጻፈ ሕግ መጠበቅን ያውቃል። የጓሳን ሣር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት፥ በመረጣቸው አለቆች እየተመራ፥ የሚታጨድበትንና የሚከለከልበትን ዓመት እየለየ አቆይቶታል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ያ ሥርዓት ሲፈርስ ጓሳ ተጎዳ፤ ኋላ ግን ሕዝቡ የቀድሞውን ምክንያት አስታውሶ በአዲስ ማኅበር ጥበቃውን መለሰ። ሣሩ ለምን እንደሚጠበቅ፥ ይኸውም ለቤቱ ክዳን፥ ለገመዱና ለከብቱ መሆኑን ያላወቀ ትውልድ ቢሆን ኖሮ መልሶ ባልጠበቀው ነበር።

የትምባኾም ነገር እንዲሁ ነው። ከመሐል ሜዳ፥ ከራቤል፥ ከዓለም ከተማ ወደ ትልቅ ከተማ የሚሄደው ወጣት ከጓደኛው እጅ ሲጋራ ሲቀርብለት፥ የያዘው መልስ የአርዮስ መቃብር ብቻ ከሆነ፥ ተረቱ በአንድ የትምህርት ሰዓት ይፈርስበታል፤ ተረቱ ሲፈርስም ልማዱ አብሮ ይወድቃል። አያቶቹ ያልነገሩትን ዛሬ ሐኪሞች ይነግሩታል፤ ትምባኾ በየዓመቱ በዓለም ላይ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይገድላል። አያቶቹ ይህን ቍጥር አላወቁም፤ ነገር ግን እጅ ከለመደው በኋላ ጌታ የሚሆን ነገር መኖሩን በጾም ትምህርት ዐውቀው ነበር። እንግዲህ አባት ለልጁ ተረቱን ትቶ እውነተኛውን ምክንያት ያውርሰው። ምላጭ ያልጠበቀውን፥ ግምጃ ቤትም የሸጠውን፥ ምክንያቱን የሚያውቅ ቤት ይጠብቀዋል።