የሁለት ስሞች ዝርዝር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የሃያኛው መቶ ዓመት ታሪክ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው የነገሥታትንና የጦር አዛዦችን ስም፥ የታላላቅ ጦርነቶችንም ወሬ ነው። ነገር ግን በታላቁ ታሪክ ጥግ ተጽፈው ብዙ ሰው ሳያያቸው የሚያልፋቸው፥ ቢታሰቡ ግን ነፍስን የሚያንጹ ታሪኮች አሉ። ዛሬ ከእነዚህ አንዱን እንመለከታለን፤ ይኸውም በግሪክ አገር በዛኪንቶስ ደሴት የሆነው ነው። ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠራለን።

ዛኪንቶስ ከግሪክ ምድር በስተ ምዕራብ በአዮንያ ባሕር ውስጥ የምትገኝ ደሴት ናት። ሕዝቧ ኦርቶዶክሳዊ ክርስቲያን ነው፤ ከክርስቲያኑ ጋራ ግን በቍጥር ጥቂት የሆኑ አይሁድ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይኖሩባት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቍጥራቸው 275 ነበረ። በጸሎት ቤታቸው ከጎረቤቶቻቸው የተለዩ ነበሩ፤ በገበያና በመንደር ኑሮ ግን አልተለዩም።

በ1941 ግሪክ በጠላት እጅ ወደቀች። ዛኪንቶስም አስቀድማ በኢጣልያ ጦር ሥር ሆነች፤ በመስከረም 1943 ኢጣልያ እጅዋን በሰጠች ጊዜ ደግሞ ጀርመኖች ያዙአት። በዚያን ጊዜ በሌሎች የግሪክ ከተሞች የነበሩት አይሁድ የደረሰባቸው መከራ አስቀድሞ ተሰምቶ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ሁለት መልእክታት ከጻፈላት ከተሰሎንቄ፥ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ 1943 ድረስ ከ40,000 የሚበልጡ አይሁድ ወንድና ሴት፥ ሽማግሌና ሕፃን ሳይለይ፥ በባቡር ተጭነው አውሽቪትዝ ወደሚባለው የሞት ስፍራ ተወስደዋል። አብዛኞቹም ከባቡሩ በወረዱ ጊዜ ወዲያው በመርዝ ጢስ አልቀዋል። የአቴና ሊቀ ጳጳስ ዳማስቂኖስ በመጋቢት 1943 ከልዩ ልዩ ማኅበራት አለቆች ጋራ ሆነው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ የተቃውሞ ደብዳቤ አቅርበው ነበር፤ በክርስቶስ ዘንድ አይሁዳዊና ግሪካዊ ተብሎ እንደማይለይም የሐዋርያውን ትምህርት አስታውሰው ነበር። ደብዳቤው ግን ባቡሩን ሊያቆመው አልቻለም።

እንግዲህ ተራው የዛኪንቶስ ሆነ። የጀርመን ጦር አዛዥ የደሴቲቱን ከንቲባ ሉካስ ካሬርን ጠርቶ በደሴቲቱ የሚኖሩትን አይሁድ ሁሉ ስም ጽፎ እንዲያመጣ አዘዘው። ከንቲባው የዚያ ዝርዝር ፍጻሜ ምን እንደ ሆነ ያውቅ ነበርና ወደ ጳጳሱ ወደ አቡነ ክሪሶስቶሞስ ሄደ። ሁለቱም ተማክረው ነገሩን አይሁድ እንዲሰሙት አደረጉ፤ ወደ ተራራው መንደሮችና ወደ ክርስቲያኖች ቤት ገብተው እንዲሸሸጉም መከሩአቸው። ከዚህም በኋላ የደሴቲቱ ሰዎች እንደሚናገሩት ዝርዝሩ በተፈለገ ጊዜ ጳጳሱ አንድ ወረቀት ሰጡ። በወረቀቱም የተጻፉት ስሞች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የራሳቸው የጳጳሱ ስም፥ ሁለተኛውም የከንቲባው ስም ነበረ።

ምእመናን ሆይ፤ ይህ ነገር በሁለቱ ሰዎች ድፍረት ብቻ የተፈጸመ እንዳይመስላችሁ። 275 ሰው ለወራት ተሸሽጎ እንዲኖር የሚያበላው፥ የሚያለብሰው፥ ወታደር በመጣ ጊዜም አላየሁም የሚል ሕዝብ ያስፈልገዋል። በአንዲት ጠባብ ደሴት ውስጥ ማን በማን ቤት እንደ ተሸሸገ የሚያውቅ ብዙ ነው፤ አንድ ምቀኛ ወይም አንድ ገንዘብ ወዳድ አፉን ቢከፍት ኖሮ ሁሉ በጠፋ ነበር። ሕዝቡ ግን አፉን ዘጋ። በእኛም አገር በወረራው ዘመን አርበኛን በቤቱ ያሳደረ ሰው ምን ይደርስበት እንደ ነበረ አባቶቻችንና እናቶቻችን ያውቁታል፤ ስለዚህ የዛኪንቶስ ገበሬ ደጁን ሲከፍት ምን አደጋ ወደ ቤቱ እንዳስገባ ለመረዳት ብዙ ማስረዳት አያሻንም።

በሰኔ 1944 ከዛኪንቶስ በስተ ሰሜን ባለችው በኮርፉ ደሴት 1,800 ያህል አይሁድ ተይዘው ወደ ሞት ተወሰዱ። በዚያም ከተማ ሹማምንት ስማቸውን የጻፉበት ወረቀት ነበረ፤ የአይሁድን መያዝ ለሕዝብ የሚያስታውቅ አዋጅ ነበረና። ባሕሩ አንድ፥ ዘመኑ አንድ፥ ጨካኙ ጌታም አንድ ሲሆን በአንዱ ደሴት የሹም ፊርማ ለጥፋት ዋለ፤ በሌላው ደሴት የሹም ስም የጎረቤቱ ቤዛ ሆነ። የዛኪንቶስ 275 አይሁድ ጀርመኖች ደሴቲቱን ለቀው እስኪሄዱ ድረስ በሕይወት ቆዩ።

ከጦርነቱ በኋላ ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ እስራኤልና ወደ አቴና ሄዱ። በነሐሴ 1953 ግን ታላቅ የምድር መናወጥ ሆኖ የዛኪንቶስ ከተማ ፈረሰች፤ ከፍርስራሹም መካከል ሳይወድቁ የቀሩት ሕንጻዎች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። በዚያ የመከራ ቀን ፈጥነው ረድኤት ካደረሱት መካከል የእስራኤል መርከቦች ይገኙ ነበር። በ1978ም በኢየሩሳሌም ያለው ያድ ቫሼም የተባለው የመታሰቢያ ተቋም ጳጳሱንና ከንቲባውን በአሕዛብ መካከል ያሉ ጻድቃን ብሎ አከበራቸው። በዛኪንቶስም ምኵራቡ ቆሞበት በነበረው ስፍራ ለሁለቱ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል።

እነዚህ ሰዎች ይህን ምግባር ከየት ተማሩት? የደሴቲቱ ሰዎች እንደ ጠባቂያቸው የሚያከብሩት ዲዮናስዮስ የሚባል አባት አለ፤ ከ1547 እስከ 1622 የኖረ መነኵሴ ነው። የወንድሙ ገዳይ ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ፥ ወደ ማን ቤት እንደ ገባም ሳያውቅ፥ እርሱ ወዳለበት ገዳም በመጣ ጊዜ፥ ዲዮናስዮስ ስለ ወንድሙ እያዘነ ገዳዩን ሸሽጎ እንዳዳነውና ለንስሓ እንደ መከረው በታሪኩ ይነገራል። የዛኪንቶስ ልጆች ይህን እየሰሙ አደጉ። የወንድሙን ገዳይ እንኳ ያልሰጠ አባት ካላቸው፥ በደል የሌለበትን ጎረቤት እንዴት አሳልፈው ይሰጣሉ? በየዓመቱ የሚነበብ የቅዱሳን ገድል ለጆሮ ብቻ የሚሆን ጌጥ አይደለም፤ የመከራ ቀን እስኪመጣ ድረስ በልብ ጎተራ የሚከማች ስንቅ ነው።

ምናልባት ከመካከላችን፥ ጳጳስ ሆኖ ሹምን ማታለል ይገባልን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱን ከኦሪት ዘጸአት እናገኘዋለን። ፈርዖን የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች እንዲገድሉ ባዘዘ ጊዜ፥ ሲፓራና ፉሐ የሚባሉ ሁለት አዋላጆች እግዚአብሔርን ፈርተው ሕፃናቱን አዳኑ፤ እግዚአብሔርም መልካም አደረገላቸው። ልብ በሉ፤ በዚያ ምዕራፍ መጽሐፍ የሁለቱን አዋላጆች ስም ጽፎ አቆየልን፤ የታላቁን ንጉሥ ስም ግን አልጻፈውም። ደግሞም በአቡነ ክሪሶስቶሞስ ወረቀት ላይ ሐሰት አልተጻፈም፤ እነዚህን ከፈለግህ አስቀድመህ እኛን ውሰድ የሚል እውነት ተጻፈ እንጂ። መልካሙ እረኛ ስለ በጎቹ ነፍሱን ያኖራል ስንል፥ እኒህ አባት ከራሳቸው በረት ላልሆኑት በጎችም ነፍሳቸውን አቀረቡ።

እኛም በወርኃ ጽጌ እመቤታችን ሕፃኑን ታቅፋ ከሄሮድስ ፊት መሸሽዋን በማሕሌት እናስባለን። በግብፅ ምድር ውኃ ያጠጣትን እናመሰግናለን፤ ደጁን የዘጋባትንም እናዝንበታለን። እንግዲህ በእኛ ዘመን የሚሳደድ ሰው ደጃችንን ቢመታ፥ ዘሩና ሃይማኖቱ ምንድር ነው ብለን ከመጠየቃችን በፊት የዚያን ስደት እናስታውስ። ጎረቤትን ከጎረቤት ለይቶ የሚቈጥር ዝርዝር ሁልጊዜ በጦር አዛዥ ትእዛዝ አይጀምርም። በወዳጆች መካከል በሚነገር ሐሜት፥ በቡና ላይ በሚወረወር የንቀት ቃል፥ እገሌ ከእኛ አይደለም በማለት ይጀምራል። በዚያን ጊዜ የጎረቤቱን ስም የማይሰጥ፥ ይልቁንም የእኔን ስም ጻፉ የሚል ክርስቲያን ይፈለጋል።

ስማቸውን ለሞት ዝርዝር የሰጡት ሁለቱ ሰዎች አልሞቱበትም፤ ሌሎችንም አዳኑበት። እኛንም ጌታችን ስማችንን በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን፤ የተሰደደውን የምንቀበልበት ሰፊ ልብ፥ የተሸሸገውን የምንጠብቅበት ታማኝ አንደበት ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።